የመድረስ ችኮላ እንዴት ኋላ እንዳስቀረን

ኢትዮጵያ ኋላ ቀርታለች የሚለው ሐሳብ ላለፉት መቶና ከዚያ በላይ ዓመታት የፖለቲካችን መነሻ ሆኖ ኖሯል። በዚህ ሐሳብ ላይ ዘውዱም፣ ዘውዱን ለመገልበጥ የተነሡት መኮንኖችም፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪም፣ ደርግም፣ ደርግን የጣለው ግንባርም አልተለያዩም፤ የተለያዩት ኋላ ያስቀረን ማን ነው፣ በየትኛውስ አቋራጭ ብንሄድ ቶሎ እንደርሳለን በሚለው ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ እምነት ደግሞ አቋራጭ ፍለጋው ራሱ ከችግሩ ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው የሚል ነው። ኋላ ቀርተናል የሚለው ጭንቀት ችኮላን ይወልዳል፤ የቸኮለ ሰው ከእሱ በፊት የተሠራውን ለማየትና ለመመርመር ጊዜ አይኖረውም፤ ሳይመረመር የተናቀው ይፈርሳል፤ ቀጣዩ ትውልድም ከባዶ ይጀምርና ራሱን እንደገና ኋላ ቀርቶ ያገኘዋል። (ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ጭንቀቱ የተጀመረው በሽንፈት ማግስት ሳይሆን በድል ማግስት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጣሊያንን ድል የነሣችው አገር ወዲያው ነበር ድሉን የሚያጸናላት ዕውቀት፣ ገንዘብና አስተዳደር እንደሌላት የገባት። አፄ ምኒልክ ባንክ ያቋቋሙት፣ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ያስከፈቱት፣ ሚኒስትሮችን የሾሙትና ከዓድዋ በፊት የፈቀዱትን ከጅቡቲ የሚመጣ ባቡር ሥራ ያስጀመሩት በዚህ ስሜት ነው። በዘመኑ ከነበሩት ምሁራን መካከል ነገሩን በጥልቀት ያሰበበት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበር። በወጣትነቱ በ1911 ዓ.ም. ሲሞት ያልታተመ ሥራ ትቶ ነበር፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ይህ መጽሐፉ ለኅትመት የበቃው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ገብረ ሕይወት የመዘግየትን ምክንያት በደም ወይም በዘር አልፈለገም። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ሥራ እንደሚለውጥ፣ ስለዚህም ንግዱ በሰፋ ቁጥር ድህነቱ ሊጸና እንደሚችል አስረዳ። የታወቀ ግብርና የቁርጥ ደመወዝ እንዲኖር፣ ሕግና ትምህርት እንዲስፋፋ ያቀረበው ሐሳብም የመጣው ከዚህ ምርመራ ነው። ገብረ ሕይወት ከፊታችን ያለው ማን ነው ብሎ ብቻ አላቆመም፤ ነገሩ የሚሠራው እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ከእሱ በኋላ የመጣነው ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ጥያቄ ይዘን ሁለተኛውን ጣልነው።

በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያዘጋጁት በአርአያነት የተጠቀሙበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 የታወጀውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ምርጫው ማስተዋል ነበረበት፤ ጃፓን በቅኝ ግዛት ሳትወድቅ የሠለጠነች፣ ዘውዷንም ያልጣለች አገር ነበረችና። ነገር ግን የጃፓን ሕገ መንግሥት የወጣው መሳፍንቱ ከተሻሩ፣ የመሬት ግብሩ ከተስተካከለና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ግዴታ ከሆነ በኋላ ነው። እኛ የሥራውን ጉልላት አመጣን፤ ግድግዳው ግን ገና አልተሠራም ነበር። የተጀመረውም ቢሆን ሥር ሳይሰድ የፋሺስት ወረራ ደረሰ፤ በ1929 ዓ.ም. በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋና ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት አገሪቱ በጭንቅ ካስተማረቻቸው ልጆቿ ብዙዎቹ ተገደሉ። ይህ መቆረጥ የራሳችን ጥፋት አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመጡትን ግን በአብዛኛው በገዛ እጃችን አደረስናቸው።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ በአልጋ ወራሹ ድምፅ በሬዲዮ የተነበበው መግለጫ አንድ አዲስ ነገር ይዞ ነበር። እስከዚያ ድረስ የተማረው ሰው ኢትዮጵያን የሚያነጻጽረው ከአውሮፓና ከጃፓን ጋር ነበር። መግለጫው ግን አዲስ ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች እየገሰገሱ መሆናቸውን፣ ኢትዮጵያም በዚህ ማፈር እንዳለባት የሚናገር ነበር። በዚያው የአውሮፓውያን 1960 ዓመት 17 የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን አግኝተው ነበርና የመኮንኖቹ ቃል የብዙ ወጣት ልብ ነካ። ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ፤ የቀደመን አለ የሚለው ቁጭት ግን ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብቶ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» የሚለውን ድምፅ ካሰሙት ተማሪዎች ጋር ወደ አደባባይ ወጣ።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ይገባል። የችኮላ ጥፋት የቸኮሉት ሰዎች ብቻ አይደለም። የጭሰኛውን ሁኔታ ለማሻሻል የተረቀቁት ሕጎች ባለርስቶች በሞሉበት ፓርላማ ለዓመታት ሲንከባለሉ ኖረው ሳይጸድቁ ቀርተዋል። ጭሰኛው ምርቱን ለባለርስት እያካፈለ በተቀመጠበት አገር «ቀስ ብለን እናሻሽል» የሚለው ምክር የሚጠቅመው ማንን እንደነበረ ግልጽ ነው። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ያፈረሰው ሥርዓት መፍረስ የነበረበት ነው። ጥያቄው ከእሱ ጋር አብሮ የፈረሰው ነገር ነው። ተራማጅና አድኃሪ ተብሎ ሰው በሁለት ሲከፈል በሐሳብ መዘግየት ወንጀል ሆነ፤ ሚያዝያ ላይ ተራማጅ የነበረው ኅዳር ላይ አድኃሪ ተብሎ የተገደለበት ጊዜ መጣ። በቀይ ሽብር ያለቀው ትውልድ ከወረራው ወዲህ ለ30 ዓመታት በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ የተገነባው ዕውቀት የተቀመጠበት ትውልድ ነበር። በሕይወት የተረፈው ወደ ሱዳን፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተሰደደ። አገሩ በ1971 ዓ.ም. በ15 ቋንቋዎች ማንበብና መጻፍን የሚያስተምር ታላቅ ዘመቻ ከፍቶ ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘው በእነዚያው ዓመታት መሆኑን ሳስብ ያመኛል፤ አንዱ እጅ ፊደል ያስቆጥራል፣ ሌላው እጅ ፊደል የቆጠረውን ያጠፋል።

በሐሳብ ረገድ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ደም ያልፈሰሰበት ታሪክ ነው፤ እሱም የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን ይህን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ሰውየው በኋላ በጻፉት ማብራሪያ ሐሳባቸውን አልደበቁም፤ ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ ሕጓን በልማድ እያበጠረች ለማሳደግ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ልትጠብቅ አትችልም ባይ ነበሩ። ስለዚህ የተዘጋጀ ሕግ ተቀበለች። ከ3,300 በላይ አንቀጾች ያሉት ይህ ሕግ በመጨረሻው ክፍል፣ በአንቀጽ 3347፣ በሕጉ ውስጥ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ የነበሩትን የልማድ ደንቦች ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሻረ።

ልማዱ ግን መሻሩን አልሰማም። በጎጃምም፣ በሐረርጌም፣ በሲዳማም ገበሬው ሲጋባ፣ ሲካፈል፣ ወሰን ሲጣላና ደም ሲታረቅ የሄደው ወደ ሽማግሌው፣ ወደ አባ ገዳው፣ ወደ ሸሪዓው ቃዲ ነው። በወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ የቆመ ሰው ዛሬም ይህን ያያል፤ የመሬት ክርክር የያዙ ሁለት ወንድማማቾች ከችሎት ወጥተው ከግቢው ዛፍ ሥር ከተቀመጡ ሽማግሌዎች ፊት ይቆማሉ፣ እዚያ ይታረቃሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ዳኛውን «ታርቀናልና መዝገቡ ይዘጋልን» ይላሉ። ዳኛውም ይዘጋዋል። ይህ እየሆነ ሳለ የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ለዓመታት ያስተማሩት ልማዱ እንደሌለ ነው። ሽማግሌው በምን ደንብ እንደሚፈርድ፣ ሴቲቱን የሚበድላት የቱ ላይ እንደሆነ፣ የሚጠቅማት የቱ ላይ እንደሆነ፣ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንዴት እንደሚለያይ ተሰብስቦና ተጠንቶ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ከሕዝቡ ጋር አብሮ ባደገ ነበር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 የባህልና የሃይማኖት ሕጎች ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ሊዳኙ እንደሚችሉ ሲታወቅ ከ30 ዓመት በላይ አልፎ ነበር። መዝለል ይቻላል የተባለው መንገድ ሳይዘለል ቀረ፤ ጥናቱም ሳይሠራ ቆየ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ ጥላቻ የለኝም፤ የውልና የንብረት ክፍሎቹ እስከ ዛሬ የሚሠራባቸው ጥሩ ሕጎች ናቸው። የሚያሳዝነኝ ያለው ነገር ሳይታይ እንደሌለ መቆጠሩ ነው።

ወደ ትምህርት ስንመጣ ነገሩ በቁጥር ጭምር ይታያል። በዘውዱም በደርግም ዘመን ትምህርት የተዋቀረው ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መለስተኛ ሁለተኛ፣ አራት ዓመት ከፍተኛ ሁለተኛ ተብሎ ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን አፍርሶ ስምንት፣ ሁለት፣ ሁለት አደረገው፤ በ10ኛ ክፍልም ብሔራዊ ፈተና አስቀመጠ። ከ25 ዓመት ገደማ በኋላ የተዘጋጀው የትምህርት ፍኖተ ካርታ የ10ኛ ክፍሉን ፈተና አስቀርቶ ወደ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት መለሰን። አንድ ሰው በ1970ዎቹ ተምሮ፣ ልጁን በ1990ዎቹ አስተምሮ፣ የልጅ ልጁን ዛሬ ቢልክ እሱና የልጅ ልጁ በአንድ ዓይነት መዋቅር ይማራሉ፤ በመካከል ያለው ልጁ ብቻ በሌላ ተምሯል። የትኛው መዋቅር ይሻላል የሚለው ለባለሙያ የሚተው ነው። ግን የመጀመሪያው ሲጣል ጉድለቱ በምን እንደተለካ፣ ሁለተኛው ሲጣልስ የተገኘው ጥቅም የቱ እንደሆነ ለወላጅ በግልጽ የነገረው የለም። ለፍኖተ ካርታው አዘጋጆች ግን አንድ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ያለውን ሥርዓት አጥንተው ድክመቱን በጽሑፍ አቅርበዋል፤ ይህ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የተደረገ ነገር አይደለም።

መዋቅሩ ሲለዋወጥ ከሥር ያለው ልጅ ምን ላይ እንዳለ የ12ኛ ክፍል ውጤት ነገረን። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ትውልዱ ሰነፍ ነው አለ። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም፤ ልጁ የወደቀው 12ኛ ክፍል ላይ አይደለምና።

አንድ የገጠር ወይም የትንሽ ከተማ 9ኛ ክፍል ገብቶ ማየት በቂ ነው። ተማሪው እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ መጥቷል፤ በብዙ ክልሎች ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከቋንቋ ትምህርቶች በቀር ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። የፊዚክስ መምህሩ ፍጥነት ምን እንደሆነ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ያስረዳል፤ ከዚያ ዞሮ ትርጓሜውን በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። 60 ወይም 70 ልጆች ፊደል በፊደል ይገለብጡታል። ከኋላ ወንበር ያለው ልጅ ቃሉን ከቃሉ ሳይለይ ሁለቱን አንድ ላይ አጣብቆ ይጽፋል፤ ምክንያቱም የትኛው የት እንደሚያልቅ አያውቅም። ለፈተና የሚያጠናው ያንን ደብተር ነው፤ የሚያጠናበትም ዘዴ ሽምደዳ ነው። ይህ ልጅ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ሳይወድቅ በቀጥታ ተዛውሯል፤ ማንበብ መቻሉን በወቅቱ ቆም ብሎ ያረጋገጠለት ላይኖር ይችላል። ሥርዓተ ትምህርቱ በየዓመቱ ወደ ፊት ሄዷል፣ መጽሐፉ ወፍሯል፣ ልጁ ግን ከቆመበት አልተነሣም። በእነዚሁ ዓመታት በጣት ይቆጠሩ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ወደ 50 ተጠግተዋል። ሥርጭቱ መስፋቱ መብት ነው፤ የገበሬ ልጅ በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ማግኘቱን የምቃወም አይደለሁም። ግን የላይኛው ፎቅ ሲሰፋ የታችኛው ክፍል ልጅ ማንበብ መቻሉ ለምን አልተጠየቀም?

የአገር ጭንቀት በሰው ሕይወት ውስጥም በዚያው መልክ ይኖራል። መስከረም ላይ ውጤቱ ያልመጣለት ልጅ ቤት ውስጥ ዘመድ ሁሉ «ስንት አመጣህ?» ይለዋል። ስልኩን ሲከፍት አብሮ አደጉ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የላከውን ፎቶ ያያል። «እኩዮቼ ጥለውኝ ሄዱ» የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲያ ለምክር ቦታ አይሰጥም፤ የሙያ ትምህርት ሦስት ዓመት መቀመጥ የዕድሜ ብክነት ይመስለዋል፤ በደላላ በኩል በየመን አድርጎ ሳዑዲ መግባት ግን አቋራጭ ይመስለዋል። እኅቱም ቤት ሠራተኛ ሆና ቤሩት ወይም ሪያድ የምትሄደው ብዙ ጊዜ በዚሁ ስሌት ነው። በውጭ ያለነውም ከጥፋቱ ነፃ አይደለንም፤ የምንልከው ፎቶ የሌሊት ፈረቃውን፣ የቤት ኪራዩንና ለሙያ ፈቃድ እንደገና የተቀመጥንበትን ፈተና አያሳይም። ልጁ የሚያየው የመድረሻውን ሥዕል ነው፤ ልክ መኳንንቱ የጃፓንን፣ ተማሪዎቹ የሞስኮና የቤጂንግን፣ ኋላም ካድሬዎቹ የደቡብ ኮሪያን ሥዕል እንዳዩ።

ይህ ሁሉ ሲባል መዘግየት የዚህ ሕዝብ ዕጣ ነው የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ቦሌ ላይ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ በዚያው ዓመት መጋቢት ወደ ካይሮ በረረ። ሲጀመር አብራሪዎቹም አስተዳዳሪዎቹም ከአሜሪካው ቲ ደብልዩ ኤ አየር መንገድ የመጡ ነበሩ። ሥራው ግን የተያዘው የውጭው ሰው እየሠራ ኢትዮጵያዊው አጠገቡ እየተማረ፣ ከዓመታት በኋላም ቦታውን እየተረከበ ነው። ዘውዱ ወድቆ ደርግ መጣ፤ አገሪቱ የሶቪየት ኅብረት ወዳጅ ሆነች፤ አየር መንገዱ ግን ቦይንግ መግዛቱን አልተወም። በ1976 ዓ.ም.፣ ድርቁና ጦርነቱ በበረታበት ዓመት፣ አዲሱ 767 አውሮፕላን ከዋሽንግተን ተነሥቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። ደርግም ወድቆ ኢሕአዴግ መጣ፤ በ2004 ዓ.ም. ድሪምላይነርን ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ይኸው ድርጅት ነው። በእርግጥ አየር መንገዱ የመንግሥት ድጋፍ ያለው፣ በአገር ውስጥ ተወዳዳሪ ያልነበረው፣ በፖለቲካ ነፋስ የማይለወጥ ዓለም አቀፍ የበረራ ደንብ የሚገዛው መሆኑ ረድቶታል። ግን ድጋፍ ያገኙ፣ ተወዳዳሪም ያልነበራቸው ሌሎች የመንግሥት ድርጅቶች ነበሩን፤ ብዙዎቹ የሉም። ልዩነቱ የጥገና ባለሙያው መዝገብ፣ የአብራሪው ትምህርት ቤት፣ የሹመት መሰላሉ ሦስት መንግሥታት ሲለዋወጡ አለመቋረጡ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ከባዶ አልጀመረም።

የዓባይ ግድብም ከዚህ ወገን ነው። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙዎቻችን ያነሣነው የሕዝቡን መዋጮና የ14 ዓመቱን ትግል ነው፤ ማንሣታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ግድቡ የቆመበት አካባቢ የተመረጠው በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ የአሜሪካ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆነው ባካሄዱት የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ነው። በሸለቆው ውስጥ የውሃውን ልክ የወሰዱት ሰዎች ግድቡን አላዩትም፤ ጥናቱን ያስጠናው መንግሥትም ወድቋል። ጥናቱ ግን አልተቃጠለም፤ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ከ40 ዓመት በላይ ጠበቀ። ሌሎቹ ጥናቶቻችንስ የት አሉ? በየሚኒስቴሩ ስሙ በተቀየረና ቢሮው በተዛወረ ቁጥር የተጣሉትን የመሬት፣ የጤናና የእርሻ ሰነዶች የሚቆጥር ሰው ቢኖር የመዘግየታችንን ልክ ከማንኛውም የዓለም አቀፍ ደረጃ ሰንጠረዥ ይልቅ በትክክል ባወቅነው ነበር።

ዛሬ አገራዊ ምክክርና የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በሚነሡበት ወቅት ይህ የታሪክ ክርክር ብቻ አይደለም። ከ1923 ወዲህ አራት ሕገ መንግሥቶች ነበሩን፤ ከእነርሱም የ1948ቱ ብቻ ነው ቀድሞ የነበረውን አሻሽሎ የወጣው። የ1980ው በአራት ዓመቱ ከደርግ ጋር ተቀበረ። አሁን ያለውን የሚነቅፉም የሚደግፉም ብዙ እውነት አላቸው፤ የትኛው አንቀጽ በተግባር ምን እንዳስገኘና ምን እንዳጠፋ በ30 ዓመቱ የፍርድ ቤት፣ የምክር ቤትና የክልሎች ሥራ ተመዝኖ ካልቀረበ ግን አምስተኛው ከአራተኛው በምን እንደሚሻል ማንም ሊናገር አይችልም።

በትምህርትም እንዲሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 1ኛ ክፍል የገቡት ሕፃናት ሳይደግሙ ከሄዱ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚቀመጡት በ2026 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ምርጫዎች ይደረጋሉ፣ ሚኒስትሮች ይለዋወጣሉ፣ ምናልባትም ሥርዓተ ትምህርቱን በሌላ እንቀይር የሚል አዲስ ፍኖተ ካርታ ይቀርባል። እነዚህ ልጆች በ3ኛው ክፍል ማንበብ መቻላቸው፣ በ6ኛው ማስላት መቻላቸው፣ በ9ኛው በእንግሊዝኛ የሚጻፈውን መረዳት መቻላቸው በየደረጃው ተለክቶ ውጤቱ ለወላጅና ለመምህር በይፋ መነገር አለበት፤ ፈተናቸውንም በጀመሩበት ሥርዓት ይጨርሱ።